ጋሽ ሙላት አፈር ላይ የተከሉት ምሰሶ

ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ግቢያችን የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ልጄ ትዕግሥት ከጋራዥ በጀሪካን አስሞልታ አምጥታ የአጥሩን እንጨት እየቀባች ነው፤ ምስጥ እንዳይበላው። ታቦር ተራራ ሥር ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ሽታ ያውቀዋል፤ የሚወደውም አለ፣ አዲስ ቤት አዲስ ቤት ይሸተዋል። እኔ ግን እሸሸዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የእጅ ሥራ መምህር ሆኜ እንጨት ስልግና ስቀባ የኖርኩ ሰው የዘይት ሽታ እፈራለሁ ብል ማን ያምነኛል? "ወደ ውስጥ ግባ አባዬ፣ ሽታው ለልብህ ጥሩ አይደለም" ትለኛለች ትዕግሥት። ሰሞኑን በጣም ታስብልኛለች። ትናንት ሳልጠይቃት ጥብስ አሳ አመጣችልኝ፣ ያውም ሐኪሙ ቅባት አትንካ ያለኝን እያወቀች። ታናሽ ወንድሟ ኤልያስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የትም አገር ይሁን ዓርብ ዓርብ ይደውልልኛል። ባለፈው ዓርብ አልደወለም። "ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም" አለችኝ ፊቷን ወደ ማድ ቤት አዙራ። እሺ አልኩና በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። እዚያ ቁጭ ብዬ ነው ጋሽ ሙላት በሐሳቤ የመጡብኝ፤ ከመጡ ወዲህም አልሄድ ብለዋል።

ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም። ከፒያሳ ሐይቁ ዳር ድረስ በጋሪ ስሙኒ ነው፤ ከሦስት ሰው በላይ ከተጫነ ፈረሱ ይቆምና ዞር ብሎ ያያችኋል፣ አንዱ እስኪወርድ አይንቀሳቀስም። ብስክሌት የሌለውን ጎረምሳ ሴት ልጅ ቀና ብላ አታየውም ነበር። እኔ አረንጓዴ ብስክሌት ነበረችኝ፣ የመሣሪያ ሣጥኔን ከኋላዋ የማስርባት። ቴትረን ሱሪዬ እግሩ ከመስፋቱ የተነሳ ሰንሰለቱ እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ እይዘው ነበር። ደመወዝ የተቀበልኩ ዕለት ሐይቁ ዳር ሄጄ ሁለት ጥብስ አሳ በዳጣ አጣጥሜ፣ አጥንቱን ለአባ ኮዳዎቹ እወረውራለሁ። እነዚያ መላጣ ወፎች ዛሬም እዚያው ቆመዋል፤ ሰዉ ነው የተለወጠው። ፒያሳ ጥግ የነበረው ፎቶ ቤት አሁን ሞባይል ይሸጥበታል። ያኔ ግን በመስታወቱ ውስጥ የሙሽሮችና የተመራቂዎች ፎቶ ይደረደር ነበር፣ ከበሩ በላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትዝታ ይንቆረቆራል። መስታወቱ መካከል አንዲት ጥቁር የአንገት ሹራብ የለበሰች፣ ጥርሷ ፍንጭት የሆነ ልጅ ነበረች። ሰናይት ናት፣ የጋሽ ሙላት አንድያ ልጅ። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ፎቶው የነበረበትን ቦታ ሳላይ አላልፍም።

ጋሽ ሙላት ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው ወጥተው፣ ምንጣፍ ላይ ብርጭቆና አበባ የተሣለበት ሳህን እየዘረጉ በመሸጥ እንደ ጀመሩ ራሳቸው ያወሩ ነበር። እኔ ሳውቃቸው የዱቄት ፋብሪካና ሆቴል ነበራቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ግራጫ፣ የላይኛው ኪሳቸው ውስጥ ከእስክሪብቶ ይልቅ ትንሽ የአቧራ መጥረጊያ ብሩሽ የሚያስቀምጡ ሰው። እንደ ሌላው ሀብታም በየበዓሉ ድሃ አሰልፈው ብር አይበትኑም። አንድ ሰው መሥራት እፈልጋለሁ ብሎ ከመጣ፣ ሳይጠሩ ቤቱ ይሄዱና ግድግዳውን ያያሉ። አንዴ አብሬያቸው ሄጄ ነበር፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት። ከአልጋና ከድስት በቀር ምንም የለም፤ ግድግዳው ላይ ብቻ በዛጎል ያጌጠ የወተት ዕቃ ተሰቅሏል፣ አቧራ የሌለበት። ጋሽ ሙላት አይተው አይተው ወጡ። በማግሥቱ ለሴትየዋ የልብስ ስፌት መኪና ገዝተው ላኩላት። ለምን እንዳመኗት ስጠይቃቸው፣ "ዛጎሉን ፈታ ሸጣ መብላት ትችል ነበር እኮ። ርቧት እያለ ለዓይኗ ያስቀመጠች ሰው የጀመረችውን ሥራ አትጥልም" አሉኝ። ሴትየዋ በኋላ ስድስት ሠራተኛ ቀጥራ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። እኔ ያስተማርኩበትን፣ ታቦር ሥር ያለውን ትምህርት ቤት ያሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ የእጅ ሥራ ክፍሉ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሦስት እጥፍ እንዲሰፋ ያዘዙትም እርሳቸው ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ይህን እስኪሞት ይቅር አላለኝም።

እኔን የተወዳጁኝ ለሌላ ጉዳይ ነው። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው፣ ፎቁ የጣውላ ወለል የሆነው አሮጌ ቤታቸው በዕቃ ተሞልቶ ነበር። ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ የጅማ ወንበሮች፣ የሐረር ሰፌዶች፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ጠጉሯን የተሠራች ሴት የምትንተራሳቸው ብርኩማዎች፣ የብር ድሪ፣ ቅርፅ የወጣላቸው የበር መዝጊያዎች። እርሳቸው ከየገበያው ይሰበስባሉ፣ እኔ ከትምህርት በኋላ እየሄድኩ የተሰበረውን እጠግናለሁ። ሰናይት ይህን ፍቅር ወርሳለች፤ አሮጌ ዕቃ እንዴት እንደሚጠበቅ ልትማር አውሮፓ ሄዳ ነበር። ሐሳባቸው ቤቱን ለሕዝብ መክፈትና ቁልፉን ለእርሷ ማስረከብ ነው። የመክፈቻው ቀን እሑድ ከሰዓት ተብሎ ተቆርጦ፣ የትምህርት ቤቱ ሴት ልጆች መዝሙር ተለማምደው፣ ሰናይትም ትደርሳለች ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ፎቅ ላይ ባለው ክፍሏ፣ ለሠርጓ ከሁሉ የከበደውን የብር ድሪ በመስታወት ሣጥን አስቀምጠውላታል።

አሁን ወደ ምሰሶው ልምጣ፣ እስካሁንም የሸሸሁት እሱን ነው። ጋሽ ሙላት የተወለዱበት ጎጆ ሊፈርስ ነው ሲባል፣ መካከሉን ይዞ የኖረውን የዝግባ ምሰሶ በጭነት መኪና አስመጡት። ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው፣ ጭስ ያጠቆረው፣ አባታቸው ጀርባቸውን ሲያስደግፉበት የለሰለሰ እንጨት። ምድር ቤቱ መካከል ይቁም ተባለ። እኔ ሲሚንቶው ላይ በብረት እግር እናቁመው አልኩ። "የአባቴ ቤት ምሰሶ ሲሚንቶ ላይ እንደ ዕቃ አይቀመጥም፤ አፈር ይንካ" አሉ። ሲሚንቶው ተፈልፍሎ ጉድጓድ ተቆፈረ። ዘበኛው ዳንጊሶ የሲዳማ ሰው ነው፣ የዚህን አገር አፈር ከሁላችን ይልቅ ያውቃል። አፈሩን በመዳፉ ፈርክሶ አይቶ፣ "ጋሼ፣ ይሄ አፈር እንጨት ይወዳል። ዘይት ይቀባ" አለ። ጋሽ ሙላት ወደ እኔ ዞሩ። ዘይት ቢቀባ የአባታቸው ጀርባ ያለሰለሰው ቦታ ይበላሻል፣ ሽታውም ቤቱን ይይዘዋል። ይህን ከፊታቸው አነበብኩና፣ "ዝግባ ነው፣ ምንም አይሆንም" አልኩ። የማውቀውን ሳይሆን መስማት የሚፈልጉትን ነው የነገርኳቸው። ምሰሶው ቆመ፣ ጫፉ የፎቁን ወለል ከተሸከመው አግዳሚ ጋር ገጠመ፣ ጋሽ ሙላትም ጫማቸውን አውልቀው ለጥቂት ጊዜ ጀርባቸውን አስደግፈውበት ቆሙ።

መክፈቻው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ የበር መዝጊያ ስሰቅል ከበላዬ ስስ የሆነ ድምፅ ሰማሁ፣ ሰው ደረቅ ወረቀት የሚጨመድድ ዓይነት። መሰላል አቆምኩና ካቻቢቴዬን አውጥቼ አግዳሚውን ጫን አልኩት። እስከ እጀታው ገባ። ስስበው እርጥብ ቀይ አፈር ሸሚዜ ላይ ወረደ። ወርጄ ምሰሶውን ከጀርባው በኩል አንኳኳሁት፣ እሱም ውስጡ ባዶ ነው። ምስጡ ከጉድጓዱ ተነስቶ በአባታቸው ምሰሶ ውስጥ ለውስጥ ወጥቶ ፎቁን ጨርሶታል። ከተተከለ ጀምሮ ያን ሁሉ ወር እኔ ከውጭ በሰም ሳብረቀርቀው ነበር። ወዲያው ልንገራቸው ብዬ ስወጣ የጋሽ ሙላት ታላቅ እህት እትዬ በላይነሽ ከጓሮ ጠሩኝ።

ማድ ቤቱ ውስጥ የቤቱ ሠራተኞች ሁሉ ቆመዋል። ዳንጊሶ ቆቡን በእጁ ይዟል። እትዬ በላይነሽ በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ። ሰናይት በተማረችበት አገር በድንገተኛ ሕመም አርፋለች። አስከሬኗ ሰኞ ይደርሳል። ጋሽ ሙላት ልባቸው ታማሚ ነው፤ ድንጋጤ እንዳይነካቸው የሚከታተላቸው ሐኪም ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ስለዚህ መርዶው ሰኞ ማለዳ፣ ሐኪሙና ሽማግሌዎቹ ባሉበት ይነገራል። "እስከዚያ የሚያለቅስ ሰው ከዚህ ግቢ ይውጣ። ጥቁር የሚለብስ እንዳይኖር። በዓሉም አይቀርም፣ ከቀረ ያውቃል። ክፉ ወሬ፣ የብርጭቆ መሰበርም ቢሆን፣ ወንድሜ ጆሮ አይግባ።" ሁላችንም እሺ አልን። ኋላ ቀርቼ ስለ አግዳሚው ነገርኳቸው። "ፎቁን ቆልፈህ ቁልፉን ያዝ። እንግዳው ከግቢ አያልፍም። አንተ ለወንድሜ አትንገር" አሉኝ። እንዲህ አድርገን ሁለት ሬሳ ደበቅን፤ እንደዚያ ነበር የተሰማኝ።

ይህን ልማዳችንን የማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስለዋል። አይደለም። ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን፣ ቆሞ፣ ባዶ ሆዱን እንዳይሰማ ነው፤ የሚደግፈው ትከሻ በቀኝም በግራም እስኪደረደር ነው። ነገር ግን ደብቆ መኖር ቤቱን ይለውጠዋል። ወጥ ቤቷ በሦስት ቀን ውስጥ ጋሽ ሙላት የሚወዱትን ምግብ ሁሉ ሠርታ ጨረሰች። ዳንጊሶ በር ላይ ሆኖ በሲዳምኛ ያንጎራጉር ነበር፣ ያን ሰሞን ተወው። ሬድዮው ማስታወቂያና የሐዘን ዜና እንዳያሰማ ተበላሽቷል ተባለ። ሁሉም ጋሽ ሙላትን "ደህና አደሩ?" ሲላቸው ድምፁ ይለሰልሳል፣ ዓይኑ ግን የኮታቸው ቁልፍ ላይ ይቀራል። "ሰናይት መቼ ነው የምትደርሰው?" ሲሉ፣ "አውሮፕላኑ ተዛውሮ ነው፣ ሰኞ ትገባለች" ይባላሉ። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም፤ ከሁሉ የሚከብደኝም እሱ ነው። ዓርብ ዕለት ጺማቸውን ተላጭተው፣ አዲስ ግራጫ ኮት አሰፍተው መጥተው አሳዩኝ። "ታውቀኝ ይሆን? ሸምግያለሁ እኮ" አሉኝ። ያምርብዎታል አልኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ጠሩኝ። ሐይቁ ከዛፎቹ መካከል ይታያል፣ ነፋስ የለም። ወንበር ጠቆሙኝና ተቀመጥኩ።

"መምህር፣ ቤቱ ዝም ብሎኛል" አሉ።

"ለበዓሉ ሥራ በዝቶ ነው ጋሽ።"

"ሥራ ሲበዛማ ይጮሃል። እኔ የገበያ ሰው ነኝ፣ ሰው የተሰነጠቀ ሲኒ ሲሸጥልኝ እጁን እንዴት እንደሚይዝ አውቃለሁ። ሁላችሁም እጃችሁን እንደዚያ ይዛችኋል።" ቀጥሎ፣ "ሰናይት ናት? አንተ አትዋሸኝም፣ ንገረኝ" አሉ።

እውነቱን ብናገር እዚያው ይሞቱብኛል፤ ምንም የለም ብል አያምኑኝም። እና የያዝኩትን ትንሹን እውነት ሰጠኋቸው። "ሰናይት ደህና ናት ጋሽ። ምሰሶው ነው። ምስጥ በልቶታል፣ የፎቁ አግዳሚም ባዶ ሆኗል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘይት ሳይቀባ ያስተከልኩት። እንዳይደነግጡ ብለን ነው የደበቅንዎት።"

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። ጥርሳቸው እስኪታይ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ይሄ ነው? በዚህ ነው እንዲህ የሆናችሁት?" ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና፣ "እንጨት እኮ ነው" አሉኝ። እኔ ደግሞ ያ ሳቅ እንዲቆይላቸው ብዬ፣ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባላ አምጥቼ አግዳሚውን እንደምደግፈው፣ እስከዚያ ማንም ወደ ላይ እንዳይወጣ ቆልፌ ቁልፉን እንደያዝኩ ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘረጉ። "ቁልፉን ስጠኝ። የገዛ ቤቴ ቁልፍ በሰው ኪስ አይቀመጥም።" እትዬ በላይነሽ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ግን ያሳደጉኝን ያህል የሆኑ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው እየጠበቁ እንዴት እምቢ ይባላል? አልተማርኩትም። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፣ ጎንበስ ብዬ ቁልፉን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

እሑድ ረፋድ፣ ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ፣ ባላውን በጋሪ ጭኜ መጣሁ። ዳንጊሶ በሩን ከፍቶልኝ ከጋሪው እያወረድን ሳለ ከቤቱ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ትልቅ አልነበረም። የዱቄት ማዳበሪያ ከትከሻ መሬት ላይ ሲጣል የሚሰማው ዓይነት ነው። ቀጥሎ በመስኮቶቹ ሁሉ አቧራ ወጣ። ስንገባ የፎቁ ወለል ምድር ቤቱ ላይ ተኝቷል፣ ምሰሶው ከመካከሉ ተሰብሮ ውስጡ ይታያል፣ የሐረር ሰፌዶቹ አንዳንዶቹ ገና ከግድግዳው እየወረዱ ነበር። ጋሽ ሙላት በጣውላው ሥር ነበሩ፣ አዲሱን ግራጫ ኮት ለብሰው። የሰናይትን ድሪ በሐር ጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ወለሉ ሳይወርድ ሊያድኑላት ነበር የወጡት። ዳንጊሶ ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን ካየ በኋላ፣ ሐሙስ እትዬ በላይነሽ የከለከሉትን ልቅሶ ያኔ አወጣው።

ሰኞ ማለዳ ለመርዶው የተጠሩት ሽማግሌዎች በተባሉበት ሰዓት መጡ፣ ሐኪሙም መጣ። የሚነግሩት ሰው አልነበረም። አባትና ልጅ በአንድ ቀን ተቀበሩ። እትዬ በላይነሽ ቁልፉን ማን ሰጣቸው ብለው ሲጠይቁ፣ "ሌላ ቁልፍ ሳይኖራቸው አይቀርም" አልኩ። ይህን ውሸት ዛሬ ነው የማወጣው። ዕቃው በዘመድ ተከፋፍሎ ተበተነ፣ ቤቱም ፈርሶ ቦታው ላይ የመስታወት ሕንፃ ቆሟል። በቀብሩ ዕለት ብዙ ሰው እየደጋገመ፣ "የልጃቸውን ሞት ሳይሰሙ ማለፋቸው መልካም ነው" ይል ነበር። እኔም ያንን ይዤ ኖርኩ። ቢያንስ ያን የቅዳሜ ሳቅ ሰጥቻቸዋለሁ፣ አምነውኝ፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ እያልኩ።

ዛሬ እሑድ ነው። ረፋዱ ላይ የእድራችን ሰብሳቢ በር ላይ ቆመው ከትዕግሥት ጋር በዝግታ ሲያወሩ አየኋቸው። እኔን ሲያዩ ገብተው ከወትሮው የበለጠ ዝቅ ብለው ሰላም አሉኝና ወጡ። የጎረቤት ሴቶች ጓሮ ገብተው ዝም ይላሉ። ስልኬ ከዓርብ ጀምሮ ቻርጅ ላይ ነው፣ ግን አይከፈትም። ትዕግሥትን ጠራኋት። እጇ ላይ የአጥሩ ዘይት አለ።

"ምንድን ነው የምትደብቂኝ?"

"ምንም አባዬ።"

"ኤልያስ ነው?"

ወደ ሐይቁ አየች። ከልጅነቷ ጀምሮ መዋሸት አትችልበትም። "ኤልያስማ ደህና ነው" አለች። "እንግዲህ ከጠየቅከኝ... አጥሩን ምስጥ ጨርሶታል። ግማሹ እንጨት ባዶ ነው። ልብህ እንዳይደነግጥ ብለን ነው ያልነገርንህ።"

ያን ጊዜ ጋሽ ሙላት ለምን ያን ያህል ጊዜ እንዳዩኝ ገባኝ። ለምን ዓይናቸውን እንደ ጠረጉም። የገበያ ሰው ነበሩ፤ እጄን እንዴት እንደ ያዝኩ አይተው ነበር። እኔ ግን ያን ሳቅ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ ብዬ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ልጄን አየኋት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ተሸክማ ዘይት ስትቀባ የሰነበተች ልጄን። ሳቅሁ። "ይሄ ነው? በዚህ ነው እንዲህ የሆናችሁት? እንጨት እኮ ነው" አልኳት። እሷም ሳቀች፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ዘይቱ ነው የሚያቃጥለኝ አለች።

ነገ ሰኞ ነው። ሳሎን ያሉት አግዳሚ ወንበሮች እግራቸው ይነቃነቅ ነበር። ማለዳ የሚመጡት ሽማግሌዎች ከባድ ሰዎች ስለሆኑ፣ ካቻቢቴዬን ፈልጌ አውጥቼ አንድ በአንድ አጠበቅኳቸው።